የኮምፒውተር ላብ ከመብራት ይጀምራል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ላብ ናቸው። ወቅቱ ነው። ክፍል ይታደላል፣ ዕቃ ይገባል፣ ከዚያ ሥራው ሁሉ አንድ ቴክኒሺያን ላይ ይወድቃል። እኔ በዚህ ሥራ 16 ዓመት ቆይቻለሁ። ሁለት ላብ ከባዶ ክፍል ተነስቼ ሠርቻለሁ። ሦስተኛውን ሌላ ሰው ከዘረጋው በኋላ አፍርሼ እንደገና ዘርግቻለሁ። ከሦስቱም ብዙ ያስተማረኝ የፈረሰው ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከወልድያ ነው። በአንድ የግል ኮሌጅ የላብ ቴክኒሺያን ሆኜ ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። 40 ያገለገሉ ዴስክቶፖች ተገዝተው መጥተዋል። ክፍሉ 12 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ያለው ሶኬት ግን ስድስት ብቻ ነው። ዲናችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት እንዲጀመር ይፈልጋሉ። ግዥ ክፍሉም «የምትፈልገውን ጻፍና ፕሮፎርማ እናሰባስብ» ብሎኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮምፒውተሮቹን ገና ከካርቶን አታውጣቸው። መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጥራ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ሥራ ላይ ሲሆን 120 ዋት ይበላል ብለን እንያዝ። 40 ሲሆን 4,800 ዋት ይሆናል። ለ220 ቮልት ስታካፍለው 22 አምፒር ገደማ ይመጣል። ስድስቱ ሶኬቶች በአንድ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ላይ ከሆኑ፣ ተማሪው ሁሉ ሲከፍት ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ ቢወርድ እንኳ ደግ ነው። የሚያስፈራው ብሬከሩ በትልቅ ተቀይሮ ቀጭኑ ገመድ ግድግዳ ውስጥ ሲግል ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በዓይኔ አይቻለሁ። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል። እጄን ሳስጠጋ ያቃጥላል። የዚያን ዕለት ትምህርቱን አቋርጬ 32 ተማሪ አስወጥቻለሁ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።

ስለዚህ ለ40ዎቹ አራት የተለያዩ መስመሮች አስዘርጋ። በእያንዳንዱ አሥር አሥር ኮምፒውተር ይሁን። አሥሩ 1,200 ዋት ነው፤ ከ6 አምፒር በታች። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና ባለ 16 አምፒር ብሬከር ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። አምስተኛው መስመር ለኔትወርኩ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን)፣ ለሰርቨሩና ለመምህሩ ብቻ ይሁን። ግራውንዱን ደግሞ «አለ» ሲሉህ በቃል አትቀበል። ኤሌክትሪሺያኑ ፊትህ ይለካው። የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ስትነካ የሚነዝርህ ከሆነ ወይ ግራውንድ የለም፣ ወይ አንድ ቦታ ተበጥሷል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውንም ካሁኑ አስብበት። ሁሉም ማሽን በአንድ ሰከንድ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። የየኮምፒውተሩን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣውን ማስተካከያ) ክፈትና መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ አድርገው። መብራት ሲሄድ አራቱን ብሬከሮች አውርድ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ከዚያ አንድ በአንድ አንሳቸው። ይህንን በትልቁ ጽፈህ ብሬከሩ ሳጥን አጠገብ ለጥፈው። አንተ በሌለህበት ቀን መምህሩ ወይም ጥበቃው ያነበዋል።

ለ40ዎቹም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ቢገዛ ጥሩ ነበር። ገንዘቡ ካልበቃ አንድ ደህና ዩፒኤስ ለስዊቹና ለሰርቨሩ አስገዛ። የቀረውን ገንዘብ የሃርድ ዲስክ ምትክ በሆነው ኤስኤስዲ ላይ አውለው። የድሮው ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ መብራት ሲቆረጥበት ይጎዳል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። በዚያ ላይ ሦስት ደቂቃ ሲያንገራግር የነበረ አሮጌ ማሽን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳልሃል። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ሙቀት ባለበት ክፍል ያንሳል። የተገዛበትን ቀን ጀርባው ላይ በማርከር ጻፍ።

አሁን ወደ ኔትወርኩ እንምጣ። «ዋይፋይ ይበቃል» የሚልህ ይኖራል። ለላብ አይበቃም። ገመድ ዘርጋ። ስዊቹን አንድ ጥግ ላይ ብታደርግ የየመስመሩ አማካይ ርዝመት 15 ሜትር ቢሆን ነው። 40 ጊዜ 15፣ 600 ሜትር። አንድ ካርቶን ኬብል 305 ሜትር ስለሆነ ሁለት ካርቶን የሚበቃ ይመስላል። ግን ጫፍ ይቆረጣል፣ የተበላሸ ይጣላል፣ የመምህሩና የሰርቨሩ አለ። ሦስት ብለህ ጻፍ። ስዊቹን ደግሞ ከአንድ ባለ 48 ቀዳዳ ይልቅ ሁለት ባለ 24 ቢሆን እመርጣለሁ። 40 ተማሪ፣ መምህር፣ ሰርቨር፣ ፕሪንተር፣ የኢንተርኔቱ መስመርና ሁለቱን ስዊች የሚያገናኘው ገመድ ተደምረው 46 ቀዳዳ ይይዛሉ፤ ይበቃል። አንዱ ስዊች ቢቃጠል ግማሹ ክፍል ትምህርቱን ይቀጥላል።

አንድ የመዳብ መስመር ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ይባላል። ክፍል ውስጥ ይህ አያሰጋህም። ከሌላ ሕንፃ ኢንተርኔት የምታመጣ ከሆነ ግን ርቀቱ ቢያጥርም በፋይበር (በብርሃን በሚሠራ የመስታወት ገመድ) አምጣው። ሁለት ሕንፃ ያገናኘ የመዳብ ገመድ በክረምት መብረቅ እስከ ስዊቹ ድረስ ያስገባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለግዥ ክፍሉ በምትጽፈው ስፔሲፊኬሽን ላይ «ካት 6 ኬብል» (የኔትወርክ ገመድ ዓይነት ነው) ብለህ ብቻ አትተወው። «ክሮቹ ሙሉ በሙሉ ንጹህ መዳብ የሆኑ» ብለህ ጨምር። ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ የሚያሸንፈው ትንሹ ዋጋ ነው። ትንሹ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላዩ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ዕቃው ሲመጣ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ) ከመቆረጡ በፊት፣ ምላጭ ይዘህ ንብረት ክፍል ሂድ። ከአንዱ ካርቶን አንድ ስንዝር ቁረጥ። ልባሱን ግፈፍና አንዷን ክር በምላጩ ፋቅ ፋቅ አድርጋት። ውስጧም እንደ ላይዋ ቀይ ከሆነች መዳብ ናት። ነጭ ብር መስላ ካበራች አሉሚኒየም ናት፤ ካርቶኑን መልሰው። አሉሚኒየም ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። እኔ አንድ ዓመት ሳልፍቅ ፈርሜ ተቀብዬ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ከ30 መስመር 11ዱን ነቅዬ እንደ አዲስ ጎትቻለሁ። የተማሪዎቹ የልምምድ ጊዜ ነበር የባከነው።

ኬብሉን ስትክረምፕ፣ ማለትም ጫፉን ኮኔክተር ውስጥ አስገብተህ ስትጨምቅ፣ የክሮቹ ተራ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ። አረንጓዴው ጥንድ ለምን ሰማያዊውን አቅፎ እንደተቀመጠ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት አንዱ ጥንድ የሌላውን ረብሻ እንዳይቀበል ነው። ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ ላይ የሚገቡት ክሮች አንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። አንዳንዱ ሠራተኛ ቀለሙን በራሱ ተራ ይደረድረዋል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ርካሹ ቴስተር ከ1 እስከ 8 አረንጓዴ ያበራል። ሰውየውም «ሠርቷል» ብሎ ይሄዳል። ጥንዶቹ ግን ተለያይተዋል። ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። ያፈረስኩት ላብ ችግሩ ይኸው ነበር። ቴስተሩን ካየህ በኋላ ቀለሙንም በዓይንህ እይ።

ክሮቹን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታቸው። የውጭው ልባስ የኮኔክተሩ ወገብ ሥር መግባቱን አረጋግጥ። ካልገባ ተማሪ እግሩ በጠለፈው ቁጥር ክሮቹ ይመዘዛሉ። የዳታ ኬብሉንና የመብራቱን ገመድ በአንድ ትራንኪንግ (የገመድ መሸፈኛ ቦይ) አታስኪዳቸው። ሁለቱንም ጫፍ በቁጥር ሰይም፤ ኮምፒውተር 17፣ ገመድ 17፣ ስዊቹ ላይ 17።

ሁለት ሳምንት አይበቃህም። ለዲኑ ሒሳቡን በወረቀት አሳያቸውና አራት ሳምንት ጠይቅ። ቁጥሩን ሲያዩ ይረዱሃል።

ጥያቄ፦ በሀዋሳ የኔትወርኪንግ መምህርት ነኝ። ላባችን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ድንገት ሁሉም ኮምፒውተር ኔትወርክ ያጣል። ስዊቹን አጥፍተን ስናበራው ለጥቂት ሰከንድ ይሠራና ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። ስዊቹ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ተገዛ። አዲሱም እንደዚያው ነው።

መልስ፦ መምህርት፣ ስዊቹ ደህና ይመስለኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ስዊቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ይዩልኝ። ሁሉም አንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት፣ በጣም በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚሉ ከሆነ ሉፕ አለ ማለት ነው። አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ኔትወርክ ላይ ተሰክቷል። ለሁሉም የተላከ መልእክት በዚያ ገመድ ዞሮ ይመለሳል፣ ስዊቹ ደግሞ መልሶ ለሁሉም ይልከዋል። ማብቂያ የለውም። በሰከንዶች ውስጥ ለሌላ ነገር ቦታ አይቀርም።

እኛ ጋ ለሁለት ወር ያህል እንዲሁ ስንሠቃይ ከርመን መንስኤው አንድ ደግ ልጅ ሆኖ ተገኘ። የላፕቶፕ መሰኪያ ተብሎ አንድ ሜትር ገመድ ከግድግዳው ተንጠልጥሎ ይቀመጥ ነበር። ልጁ ክፍሉን ሲያስተካክል የተንጠለጠለውን ጫፍ አንስቶ አጠገቡ ያለው ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካዋል። ሥርዓት ማስያዙ ነበር። ማንም ምን እንደሚያደርግ አልነገረውም። ሌላ ተማሪ ላፕቶፕ ሲፈልግ ይነቅለዋል፣ ያኔ «በራሱ ጊዜ ይስተካከላል»።

ሲያጋጥምዎት ግማሹን ገመድ ከስዊቹ ይንቀሉ። መብራቱ ከተረጋጋ ችግሩ ከነቀሉት ውስጥ ነው። እነዚያን በግማሽ በግማሽ እየመለሱ ይሂዱ። ከ48 ገመድ ቢበዛ በስድስት ጊዜ ያገኙታል። ይህንን ከተማሪዎችዎ ጋር ሆነው ያድርጉት፤ ሉፕን ለይቶ የሚዘጋውን ስፓኒንግ ትሪን በሰሌዳ ላይ ከምናስተምረው ይልቅ ያኔ ይገባቸዋል። ከዚያ ስዊቹ ማኔጅድ (ሴቲንጉ የሚስተካከል) ከሆነ ስፓኒንግ ትሪውን ያብሩት። ካልሆነ ትርፍ ገመድ ተንጠልጥሎ አይደር፣ የማይሠሩ ቀዳዳዎችም ከስዊቹ በኩል ይነቀሉ።

መብራቶቹ ደህና ሆነው ኔትወርክ የሚጠፋው የተወሰኑ ማሽኖች ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የአንዱን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይዩ። የላብዎ አድራሻ በ192.168.10 የሚጀምር ሆኖ ይሄኛው 192.168.0 ምናምን ካለ፣ አንድ ሰው ከቤቱ የዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰክቷል። ራውተሩ የራሱን አድራሻ እያደለ ነው። ሰውየውን ሳያስከፉ ራውተሩን ያስነቅሉ። የዋይፋይ ችግሩ እውነተኛ ስለሆነ ለመምህራን ክፍልም አንድ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ይጠየቅላቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ጅማ ነው የምማረው፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እኔ የምቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ማንኛውንም ድረ ገጽ ስከፍት «ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይለኛል። አጠገቤ ያለው ግን ይሠራል። ኔትወርክ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ቀን እዪው። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። በእኛ ላብ በየሴሚስተሩ ያጋጥመኛል። አንድ ተማሪ ቀኑ የተሳሳተ ይመስለውና በቅንነት ያስተካክለዋል። ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፊኬት አላቸው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። ኮምፒውተርሽ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ይሆንበትና አልቀበልም ይላል።

ቀኑን በፈረንጆቹ አስተካክዪው። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልል ስትመርጪ አዲስ አበባ የሚል አታገኚም፤ ናይሮቢ የሚለውን ያዢ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ነፃ ሲስተም በሆነው ሊኑክስ ላይ አዲስ አበባ በስሟ አለች።

በማግስቱ ተመልሶ ከተበላሸ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ይሏታል። ይህን ደግሞ ቴክኒሺያኖች ብታነቡት ደስ ይለኛል፦ ማታ ማታ ብሬከር የምናወርድ ሰዎች ይችን ባትሪ ቶሎ እንጨርሳታለን። ሶኬቱ መብራት ሲኖረው ሰዓቱ ከዚያ ይበላል፤ ሲቋረጥ ከባትሪዋ። ለላቡ በሙሉ አንድ ላይ ግዙ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንጽፈው። ከአንድ ኮሌጅ የተመረቅን ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ለድሮ ኮሌጃችን 25 ያገለገሉ ዴስክቶፖች ለመላክ አስበናል። ምን ጥንቃቄ እናድርግ?

መልስ፦ ስላሰባችሁት እግዜር ይስጥልን። ከመግዛታችሁ በፊት የላቡን ቴክኒሺያን በስልክ አግኙት። ዲኑን ብቻ አይደለም፣ ቴክኒሺያኑን።

አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። የአሁኑ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው ሁለቱንም ራሱ ይለያል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ብሎ የተጻፈበት ከሆነ ችግር የለም። የቆየ ማሽን ላይ ግን ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። 115 ላይ ሆና እዚህ ከተሰካች ፓወር ሰፕላዩ በአንድ ጩኸት ይፈነዳል። ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ወደ 230 ግፉት፣ ላዩንም በፕላስተር ለጥፉበት። የመብራት ገመዱን እዚያው ተዉት። ባለ ጠፍጣፋ ጥርሱ እዚህ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነም ባብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ከዚያ በታች ያሉት ሊኑክስ ተጭኖባቸው ብዙ ዓመት ያስተምራሉ። ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው ሊኑክስ በፈረንጆቹ እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል። ኮሌጁ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን ይህንን ሳታዩ አትግዙ።

የልቤን ልንገራችሁ? እዚያ ኮሌጅ ማሽን ካለ፣ ማሽን አትላኩ። 25 ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በአንድ የእጅ ቦርሳ ይገባል። ራም ጨምሩበት፤ ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 ቴክኒሺያኑ ከፍቶ ይነግራችኋል። አንድ መርከብ ኮንቴይነር ከሚያመጣው ኮምፒውተር ይልቅ ያቺ ቦርሳ ያለውን ላብ ታነሳዋለች።

ጥያቄ፦ ያለን 10 ሜጋ ኢንተርኔት ነው። 50 ተማሪ ሲከፍት አይንቀሳቀስም። መጨመር አንችልም ተብለናል። (መምህር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ 10 ሜጋ ለ50 ሲካፈል ለአንዱ 200 ኪሎ ቢት ነው። በዚህ ቪዲዮ አይታይም፤ ብትጨምሩም ያልቃል። የሚነበበውን ወደ ውስጥ አምጡት። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊኪፒዲያን አውርዳችሁ ላብ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጣላችሁ። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ይመጣል። ኢንተርኔቱ ሥራ በሌለበት በሌሊት ወይም በሳምንቱ መጨረሻ አውርዱት። ከዚያ ተማሪዎቹ በብራውዘር ይከፍቱታል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም። የፕሮግራሚንግ መማሪያዎችንና የጥያቄና መልስ ገጾችንም እዚያው ታገኛላችሁ። ሊኑክስ ያላችሁ ደግሞ የማሻሻያ ፋይሎችን አንድ ጊዜ አውርዶ ለሁሉም የሚያድል ካሽ ሰርቨር አቁሙ።

ጥያቄ፦ የአንድ ኮሌጅ ዲን ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። ባለፈው ዓመት 35 ኮምፒውተር አስገባን። ተማሪዎች ሴቲንግ ይቀይራሉ፣ ፕሮግራም ያጠፋሉ፣ ከፍላሽ ቫይረስ ያስገባሉ። አሁን ላቡ ከክፍለ ጊዜ ውጭ ተቆልፎ እንዲውል፣ ኮምፒውተሮቹም በፓስወርድ ሁሉ ነገራቸው እንዲዘጋ አዝዣለሁ። በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) የፈረመው ቴክኒሺያናችንም ይህንን ይደግፋል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ቴክኒሺያንዎን እረዳዋለሁ። በስሙ ፈርሞ የወሰደው ዕቃ ነው፤ ቢጠፋም ቢበላሽም የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ከፍርሃት ያውጡት። ተማሪ ሴቲንግ ቢያበላሽ በሱ ላይ እንደማይቆጠር በጽሑፍ ይስጡት። ያኔ በሩን ለመክፈት አይሰጋም።

ኔትወርክ የሚማር ልጅ የአይፒ አድራሻ ካልቀየረ ምን ተማረ? ሲስተም የሚማር ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ዊንዶውስ ሳያበላሽ ከተመረቀ፣ የመጀመሪያውን የሚያበላሸው ቀጣሪው ቤት ነው። ማስተማሪያ ላብ እንዲበላሽ ተፈቅዶ የሚሠራ ክፍል ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ቶሎ መመለስ መቻል ነው።

ለዚህ መንገድ አለው። አንዱን ኮምፒውተር ብቻ ይዘው እንደሚፈልጉት አድርገው ያዘጋጁት። ሲስተሙ፣ የትምህርቱ ፕሮግራሞች፣ በዩኒኮድ የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ፣ ትክክለኛው የሰዓት ክልል። ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ ክሎንዚላ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ኮፒውን፣ ኢሜጅ የምንለውን፣ ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡት። ክሎንዚላ ታይዋን ውስጥ የተሠራ ነው፤ እኔ ለዓመታት ተገልግዬበታለሁ። ፎግ የሚባለውም ይህንኑ ይሠራል። ከዚያ 35ቱም በኔትወርክ ተነስተው ያንን ኢሜጅ በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። መረጃው አንዴ ነው የሚላከው፣ ሁሉም አብረው ይሰሙታል። ኢሜጁ 30 ጊጋባይት ቢሆን ባለ 100 ሜጋ ስዊች ላይ በስሌት 40 ደቂቃ ይፈጃል። ጊጋ ስዊች ላይ ስሌቱ ወደ 4 ደቂቃ ይወርዳል፤ በሥራ ላይ የዲስኩ ፍጥነት ተጨምሮበት ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ስዊች ሲገዛ «ጊጋ ይሁን» ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ኢሜጁን ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱ ከላቡ ውጭ፣ ቢሮዎ ካዝና ውስጥ ይሁን። ዊንዶውስ ከሆነ ኮፒ ከመወሰዱ በፊት ቴክኒሺያኑ ሲስፕሬፕ በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የማሽኑን መለያ ያጥፋለት፤ አለዚያ 35ቱም ማሽን አንድ ማንነት ይይዛሉ። ከተጫነ በኋላ የእያንዳንዱ ስም ከመቀመጫ ቁጥሩ ጋር አንድ ይሁን። የተማሪ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ አይቀመጥ፤ ሰርቨሩ ላይ በየስማቸው ፎልደር ይሰጣቸው። ይህን ካላደረጉ ኢሜጁ ሲጫን የልጆቹ ፕሮጀክት አብሮ ይጠፋል። አንዲት ተመራቂ የመጨረሻ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ጠፍቶባት በሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ከመጫኔ ሦስት ቀን በፊት ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፣ ክፍል ድረስ ገብቼም እናገራለሁ።

የሚዘጋ ነገር አለ፣ አልክድም። የባዮሱ ፓስወርድ ይኑር። ሰርቨሩና ስዊቹ ራክ (የብረት ቁም ሳጥን) ውስጥ ይቆለፉ። ኬዞቹ በሽቦም ቢሆን ይታሰሩ፤ ራም ቶሎ ይጠፋል። የቀረው ክፍት ይሁን።

የላቡን ሰዓትም ያስቡበት። ቤቷ ኮምፒውተር የሌላት ልጅ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ኪቦርድ ነክታ ቤቷ ኮምፒውተር ካለው ልጅ ጋር እኩል ትፈተናለች። ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜም እስከ 6 ሰዓት ይከፈት። ጎበዝ የሆኑ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በተራ ይጠብቁት፣ መጠነኛ አበል ቢመደብላቸው ደግሞ ይበልጥ ይበረታሉ። ቴክኒሺያንዎ ዓርብ ማታ ኢሜጁን ለቆ ይሂድ፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 35ቱም እንደ አዲስ ይጠብቁዎታል። ለአንድ ወር ብቻ ይሞክሩትና የሆነውን ይጻፉልኝ፤ ሳይቀነስ በዚሁ አምድ ላይ አወጣዋለሁ።